አባዬ እጁን አውጥቷል

«አሁንም አላዩኝም?» ይላል አባዬ፣ እጁን እንዳወጣ።

እጁን ያወጣው ስልኬ ፊት ነው። ስልኩን ስፌት መኪናዬ ላይ በጨርቅ ጥቅል አስደግፌዋለሁ። አባዬ ከወገቡ በላይ ኮት ለብሷል፣ ከወገቡ በታች የቤት ሱሪውን። «ማዘጋጃ ቤት ፊት በሹራብ አልቀርብም» ብሎ ጠዋት ኮቱን አስተኮሰኝ። ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አውቶብስ የሚነዳበት ዘመን ትዝ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከጓሯችን ያለውን መተላለፊያ በብረት አጥር ዘግቶ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው አስቧል፤ ነዋሪው ዛሬ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተሰብስቦ ድምፅ ይሰጥበታል። የፊት በራችን ቀጥ ያለ ደረጃ ነው። መተላለፊያው ከተዘጋ አባዬ ከዚህ ቤት የሚወጣው ሲሞት ነው፣ ያውም በሰው ትከሻ።

ታዲያ ለምን አዳራሹ ድረስ አልሄዳችሁም የሚል አይጠፋም። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነዋ። ሊፍቱ ሲበላሽ የተወለደ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል። ማስታወቂያቸው «መምጣት የማትችሉ ባላችሁበት ሆናችሁ በኦንላይን ተሳተፉ» ይላል። «እኔ ልሂድልህ» ስለው «ስለ እኔ እግር የምናገረው እኔ ነኝ» ብሎ ዝም አሰኘኝ።

ሰብሳቢውን ሰፈሩ በሙሉ «በአጭሩ» ነው የሚለው። ሌላው አፉን ሲከፍት «በአጭሩ፣ በአጭሩ» እያለ ያጣድፈዋል፤ እሱ ራሱ ከጀመረ ግን ጀምበር ትጠልቃለች። አሁንም ስለ ልማት እያወራ ነው። የእኛን ድምፅ ከዚያ በኩል ዘግተውታል፤ እነሱ እስኪከፍቱልን ብንጮህ የሚሰማን የለም።

«አባዬ፣ እጅህን አውርድና እረፍ። እዚህ ስልኩ ላይ የእጅ ምልክት አለች፣ እሷን ነክቼልሃለሁ። የሚያዩት እሷን ነው።»

«የሰው እጅ እያዩ ካልፈቀዱ ለምልክት ይፈቅዳሉ?» ክንዱ ሲዝልበት በግራ እጁ ይደግፈዋል።

ጸሐፊዋ ወደ ሰብሳቢው ጠጋ ብላ «ከኦንላይን እጅ ያወጡ አባት አሉ» ትለዋለች። ደስ ይለኛል።

«መጨረሻ ላይ እንሰማቸዋለን። አባታችን ናቸው፣ ምርቃታቸውንም እንፈልገዋለን» ይላል «በአጭሩ»፣ ጥርሱን እያሳየ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

«መጨረሻ ጥሩ ነው» ይላል አባዬ። «የሚታወሰው መጨረሻ የተነገረው ነው።» እጁን ግን አያወርድም። «ካወረድኩት ሐሳቡን ቀየረ ብለው ያልፉኛል።»

ድንገት ድምፁ ይጠፋል። ምስሉ አለ፤ የሰብሳቢው አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ቃል ግን አይወጣም። ድምፁን እጨምራለሁ፣ ስልኩን በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ። ምንም የለም። አዳራሹ ውስጥ አንድ እጅ ይወጣል፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ የሁሉም።

«አየሽ?» የአባዬ ፊት በራ። «ለካ መናገር የፈለግኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ሰው ሁሉ ከፍቶታል።» በዚያ ሁሉ እጅ መሀል እንዳይረሱት የራሱን ይበልጥ ከፍ ያደርጋል። እኔም የዋህ፣ እውነት መስሎኝ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደርገዋለሁ።

ድምፁ ሲመለስ ጸሐፊዋ ቆጥራ ጨርሳለች። «በአዳራሹ ያሉት በሙሉ ደግፈዋል። ከኦንላይንም አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል። የተቃወመ የለም።»

«እንግዲህ» ይላል «በአጭሩ»፣ «እግራቸው የማይችል አባታችን እንኳ ከቤታቸው ሆነው ደግፈውናል። አሳታፊነት ማለት ይኼ ነው። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ይጨበጨባል።

ደሜ ይፈላል። «ለመናገር ነው ያወጣው፣ እናንተ ዓይን አውጣዎች» እያልኩ እጮኻለሁ፤ የምጮኸው ግን ለስፌት መኪናዬ ነው። የሰውዬውን እጅ ወስደው በገዛ በሩ ላይ ቆለፉበት፣ አጨበጨቡለትም። ምን ዓይነት ጉድ ነው?

ሰው ወንበር እየገፋ ሲነሳ ጸሐፊዋ ታስታውሳለች፤ ድምፃችን ይከፈታል። «አባቴ፣ ይቀጥሉ። በአጭሩ» ይላል ሰብሳቢው።

አባዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እጄን ያወጣሁት ለመናገር ነው። አልደገፍኩም። የዘጋችሁት እኔ የምወጣበትን ነው።»

«አስተያየትዎን ይዘናል፣ አባቴ። ድምፁ ግን አንዴ ተሰጥቷል። ዕድሜ ይስጥልን።» መስመሩ ተዘጋ።

የአባዬን ክንድ ይዤ አወርድለታለሁ፤ ክርኑ ደርቆ እንቢ ይላል። «አቤት እንላለን» እለዋለሁ። «ነገ ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ፣ ቢሮ ለቢሮ እዞራለሁ።»

ከጓሮ በኩል የብረት መንኳኳት ይሰማል። በመስኮት አያለሁ። የማዘጋጃ ቤቱ የጭነት መኪና የአጥር ብረት እስከ አፉ ተሞልቶ መተላለፊያው አፍ ላይ ደርሷል። ጭብጨባው ገና አልበረደም። ብረቱ መቼ ተገዛ? መቼስ ተጫነ? ዛሬ የጠሩን ሊጠይቁን አልነበረም ማለት ነው።

«በጓሮ አውጪኝ» ይላል አባዬ።

«ምን ልታደርግ?»

«አውጪኝ አልኩሽ፣ ልጄ።»

እገፋዋለሁ። ሁለቱ ግንቦች የሚጠባበቡበት ጋ ስንደርስ «እዚህ ጋ አቁሚኝ» ይላል። መኪናው ክላክስ ያደርጋል። የልጅ ልጁ የሚሆን ሾፌር በመስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ «አባባ፣ ሥራ ላይ ነን፣ ያሳልፉን እንጂ» ይላል።

አባዬ ቀና ብሎ ያየዋል። ጎንበስ ብሎ የወንበሩን ፍሬን በቀኝ ይይዛል፣ በግራም ይይዛል።

እኔም የወንበሩን እጀታ እለቃለሁ።