ጎተራ ላይ የተመረገ ባሕር

«ጭቃ መስሎኝ ነው አልኩሽ! ባልዲ ሙሉ ጭቃ ደጃፌ ላይ አስቀምጠሽ፣ ምን ልበል እኔ?»

«ጭቃ አይደለም፣ እትየ ላቀች። ድንጋይ ነው!»

«ድንጋይ ትለኛለች! እንደ ሊጥ የሚለወስ ድንጋይ አይቼ አላውቅም።»

የእትየ ላቀች እጅ እስከ ክርናቸው ግራጫ ሆኗል። ከኋላቸው አዲስ የተመረገው ጎተራ በጠዋት ፀሐይ ያብረቀርቃል። ተከራያቸው፣ የሥነ ምድር ተማሪዋ እመቤት፣ ባዶ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች። ከዓባይ በረሃ አዝላ ያወጣችውን የሸክላ ጠባይ ያለው ድንጋይ ውኃ ውስጥ የዘፈዘፈችው እንዲፈርስላትና አጥባ ዝቃጩን ብቻ ይዛ እንድትሄድ ነበር። ድንጋዩን የቆረሰችበት ገደል ባለፈው ሳምንት ተንዷል። ሌላ የለም።

«በቃ ተይው» ይላል አብሯት የሚማረው ይበልጣል፣ የሁለቱንም ሻንጣ አንግቦ። «አውቶቡሱ ሊሄድ ነው። ደግሞ ድንጋዩ የጁራሲክ ዘመን ነው ብዬሻለሁ።»

እሷ ደግሞ ከዚያ ዘመን በኋላ የመጣው የክሬቴሽየስ ባሕር እዚህ ደርሷል ባይ ናት። በዚያ ባሕር ብቻ የኖሩት ጥቃቅን ዛጎሎች ከተገኙ እሷ ልክ ናት። ካልተገኙ የመመረቂያ ጽሑፏ ከንቱ ነው።

እመቤት ጎተራውን በጣቷ ትነካዋለች። ምርጊቱ ገና እርጥብ ነው። ማንኪያ አንስታ መፋቅ ትጀምራለች።

«ኧረ ጎተራዬን! ኧረ የሰው ያለህ!»

«በእበት የተለወሰ ናሙና ማን ይቀበልሻል?» ይላል ይበልጣል።

«ዛጎል ከተገኘበት ከድንጋዩ ነው። የእትየ ላቀች ላም ባሕር ገብታ አልጋጠችም!»

«የኔ ላም?» እትየ ላቀች ይቆጣሉ። «የኔ ላም ከወገዳ ወጥታ አታውቅም! ጎረቤት ይመስክር!»

«ይኸው፣ ምስክርም አለኝ» ትለዋለች እመቤት ይበልጣልን።

የፋቀችውን ባልዲ ውስጥ ታማስለዋለች። ጭዱ ይንሳፈፋል፤ ታፈሰዋለች። የቀረውን በናስ ወንፊቷ ላይ ገልብጣ ውኃ ስታወርድበት እበቱና ጭቃው ሾልኮ ይሄዳል። እፍኝ የማይሞላ አሸዋ ይቀራል። አጉሊ መነጽሯን ዐይኗ ላይ ደቅና ታጎነብሳለች።

አሸዋውን በጣቷ ጫፍ ታገላብጣለች። ከዚያ ትጮሃለች።

«ምን ነደፈሽ፣ ልጄ?»

መነጽሩን ትሰጣቸዋለች። እትየ ላቀች አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ይፈልጋሉ።

«ይቺ ጤፍ የምታክለው? ክብ ናት፣ አናቷ ሾጠጥ ያለ... የጎተራ ክዳን አይደለችም እንዴ!»

«ናት! እሷው ናት! የክሬቴሽየስ ዛጎል!»

«ለካ ከነክዳኑ ነው የመረግሁት!»

«እስቲ ልየው።» ይበልጣል ሻንጣዎቹን መሬት ላይ ጥሎ ይንበረከካል። ብዙ ያያል። «አንቺ... ሌላም አለ። እዚህም! ኧረ እዚህም!»

«ተራዬን መች ጨረስኩ!» እትየ ላቀች መነጽሩን ከእጁ ይነጥቃሉ።

ሦስቱም ወንፊቱ ላይ ተደፍተው ግንባራቸው ይጋጫል። ከአጥሩ ማዶ የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ጡሩንባውን ነፍቶ ቁልቁለቱን ይወርዳል።