አምስት ዙር ብየዳ

ሦስተኛው ዲስክ ሲሰበርበት ክሊፎርድ የብረት መቁረጫውን አጥፍቶ ወለሉ ላይ ወረወረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝ አገር በግሎስተር ቦይ ላይ የእህልና የነዳጅ ጀልባዎችን ስትጎትት የኖረችውን ይህችን ጎታች ጀልባ ከጓደኞቹ ጋር ማደስ ከጀመረ አራት ዓመት አልፎታል። አሁን ሞተሩን ለማውጣት ከላዩ ያለውን የላሜራ ክዳን መንቀል ነበረበት። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ታገለው፤ ክዳኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይሄን የበየደው ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?» አለ ላቡን እየጠረገ። «ሥራ አልነበረውም እንዴ?»

«ሰውዬ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አሉት፣ ጀልባዋን ሊያዩ መጥተው ቦዩ ዳር በምርኩዝ የቆሙ አሮጊት።

ክሊፎርድ ፊቱ ቀላ። «ይቅርታ እማማ፣ ተናድጄ ነው።»

«እውነትህን ነው፣ አብዝቼዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አለቃዬ አንድ ዙር ይበቃል ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የወንድሜ መርከብ መስጠሙን የሰማሁት በዚያው ጠዋት ነው። እያለቀስኩ አምስት ዙር በየድኩት።»

ክሊፎርድ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ጀልባዋ አሻገራቸው። አሮጊቷ እንደምንም ጎንበስ ብለው ያንን ወፍራም ብየዳ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ብየዳውን ተወው፣ ላሜራውን ከጎኑ ቁረጠው፤ ስስ ነው» አሉት። ቀና ሳይሉም፣ «እንዲህ መበየድ የነበረበት የወንድሜ መርከብ ነበር» አሉ።