ደረቁን እንዳይውጡት

የአባቷ አርባ በወጣ ማግስት ሰገነት የጎመን ዘር ፍለጋ የሳቸውን የዘር ቅል አውርዳ ብታዘነብለው ጭኗ ላይ የፈሰሰው ቺያ የሚሉት ደቃቅ የባዕድ አገር ፍሬ ነበር። ነርስ ሆና ከምትሠራበት ከሞጣ በየወሩ ቢቸና ድረስ የላከችው ሁሉ፣ አንድ ማንኪያ እንኳ ሳይጎድል።

«ለግፊትዎም ለሆድ ድርቀትዎም ደግ ነው። ብቻ ዘፍዝፈው ይጠጡት፤ ደረቁን ከዋጡት ጉሮሮዎ ላይ አብጦ ያንቅዎታል» ትላቸው ነበር በስልክ።

«እንዳልሽው ነው ዶክተሬ፤ ሆዴ ቅቤ ሆኗል» ይሏት ነበር።

«አንድ ቀን እንኳ አልቀመሱትም እኮ!» አለች ለእናቷ።

«ዘር ይበላል እንዴ ልጄ?» አሉ እናቷ ከመደቡ ላይ ሆነው። «‹ሰኔ ሲገባ እዘራላታለሁ፤ ከመግዛት ትረፍ› ይሉ ነበር። ያን ቀን ጓሮ የወደቁትስ ለሱ ሲቆፍሩ አይደል?»

ሰገነት ቆንጠር አድርጋ ደረቁን አፏ ውስጥ ጨመረችና ዋጠችው። ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።

«ውሃ ላምጣልሽ?» አሉ እናቷ ብድግ ብለው።

በእጇ ከለከለቻቸው። ትንሽ እንዲቆይ ፈለገች።