ሁለት መቀመጫ ያላት መኪና

«ወንድ ቤቱን ጥሎ የሚወጣው ሌላ ሴት ስትጠራው ብቻ ነው፤ ዓይንሽን ከሴት ላይ አትንቀዪ» ብላት ነበር አክስቷ፣ ከስምንተኛ ክፍል አስወጥታ የዳረቻት ጊዜ። ምክሩ ለዓመታት ያለ ሥራ ተቀመጠ። ምክሩ ሥራ ያገኘው፣ ባሏ መኪናዋን መገጣጠም ሲጀምር ነው።

መኪናዋ መኪና ለመባልም ታሳፍር ነበር። ተበታትና በሣጥን ነው የመጣችው፤ የቀጭን ብረት አጽም፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው የፋይበር ቅርፊት፣ ሁለት መቀመጫ። ሞተር የላትም። ለሞተሩ ሲል ባልየው የራሱን ትልቅ ሞተር ሳይክል አረደላት፤ ያችን ሙሽሪት ሆና ወገቡን አቅፋ የተፈናጠጠችባትን። ሞተሩ ሁለት ሲሊንደር አለው፤ ከሥር የተጋጠሙ፣ ከላይ እንደ ተከፈቱ ሁለት ጣቶች የተለያዩ። የቀረውን አካል ለብረት ሰብሳቢ ሰጠው።

«ኮርቻው እንኳ ቢቀር» አለች።

«ምን ልታደርጊበት? ድመት ልታስተኚበት?»

መጀመሪያ ሞተሩን በቀጥታ ከአጽሙ ጋር በብሎን አሰረው። ሲያስነሳው ግቢው ተንዘፈዘፈ። ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ እየተገፈታተሩ ወደ ጫፍ ሄዱ። አንዱ የብየዳ ቦታ ተሰነጠቀ።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?»

«አንዱ ሲረግጥ ሌላው እኩል አይረግጥማ። እንደ እኔና እንዳንቺ።» ሳቀ። «ቢገባሽ ነው!»

አባቷ ስለ ሳቀ ትንሿ ልጃቸውም ሳቀች።

«አየሽ፣ ዶክተሬ ገብቷታል» አለ። «እሷ እንደ እናቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ አትቀርም።»

እናት ዋጥ አደረገችው። መዋጥ ለምዳለች።

ባልየው ከአሮጌ ጎማ ወፋፍራም ላስቲክ ቆርጦ በሞተሩና በአጽሙ መሃል አስገባ፤ የተሰነጠቀውን በየደ፤ ካቴናውን ወደ ኋላ ጎማዎቿ ዘረጋ። ሞተሩ ረጋ። የእሷ ልብ ግን አልረጋም። ባልየው ልብስ ሰፊዋ ቤት መመላለስ ጀምሯል።

ልብስ ሰፊዋ መንገድ ማዶ ናት። ባል የላትም፤ ቀጭን ናት፤ ስትስቅ ሳቋ እነሱ ግቢ ድረስ ይሰማል። «የመቀመጫ ልብስ እያሰፋሁ ነው» ይላል እሱ። ለሁለት መቀመጫ ስንት ጊዜ ይለካል? አንድ ቀን ከዚያ ሲመለስ እጅጌው ላይ ሰማያዊ ክር ተንጠልጥሎ አየች። የመቀመጫው ልብስ ደግሞ ጥቁር ነው።

ሌላ ቀን የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመውን ሞላ ጥንካሬ ሲያስተካክል ሄዳ የተሳፋሪው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ውረጂ!»

«ተሳፋሪ አይደል የሚቀመጥበት?»

«አንቺ ከተቀመጥሽበት ልኩ አይመጣልኝም። ቀላል መኪና ናት፤ እንደሚጫንባት ነው የምትስተካከለው።»

ወረደች። በቦታዋ ግማሽ ጆንያ አሸዋ አስቀመጠና ሞላውን በዚያ ልክ አጠበቀው። እሷም ቀና ብላ መንገድ ማዶ አየች። «ቀጭን አይደለች» አለች በሆዷ። «ለእሷ እየለካ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊዋ ሰላም ስትላት መሬት መሬት እያየች ታልፍ ጀመር። አንድ ቀን ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ «መርፌና መቀስ ለያዘ ሰው የሰው ትዳር መተርተር ምን ይከብደዋል!» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

መኪናዋ ባለቀች ማግስት ባልየው ጠዋት ተነስቶ ጢሙን ተላጨ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ።

«ረጅም መንገድ ላይ ልሞክራት ነው።»

«ብቻህን?»

«ታዲያ ከማን ጋር ልሂድ?»

ተላጭቶ፣ ተኳኩሎ፣ ብቻውን! ሴትዮዋ አሰበች። ወንበሩ ሁለት ነው። ራሷ ብትይዘው ያስወርዳታል። ልጁን ግን እንዴት ያስወርዳል? ልጅ ከተቀመጠችበት ሌላ ሴት የት ትገባለች?

«ልጅቷን ይዘሃት ሂድ» አለች።

«ተይ፣ ታስቸግረኛለች።»

«አባቷ አይደለህ እንዴ? ይዘሃት ሂድ አልኩህ!» በትዳሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸችበት።

እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዘ። «እሺ፤ አንቺ ካልሽ» አለ።

ልጅቷን አጣጥባ፣ ፀጉሯን ጎንጉና አስቀመጠቻት። ቀበቶውን ስትቆልፍላት ማሳጠር እንኳ አላስፈለጋትም። የሞተር ሳይክል ሞተር የኋላ ማርሽ ስለሌለው መኪናዋን ከግቢ ወደ ኋላ ገፍቶ የሚያወጣ ሰው ያስፈልግ ነበር። ራሷ ገፋች። ልጅቷ እጇን አውለበለበች፤ ሞተሩ አጓራ፤ ሄዱ።

ሴትዮዋ እጇን አራግፋ በቀጥታ መንገዱን ተሻገረች። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ብቻዋን ተቀምጣለች። ይህን ስታይ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ቀረሽ አይደል?» አለቻት። «ወንበሩን ልጄ ያዘችው!»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሄደች እንዴ? እኔማ ልሰናበታት ነበር። ሆድሽ ግን እንዴት ቻለ፣ የኔ እህት? አባቷ ‹አያቷ ዘንድ ሆና ትማራለች፣ እናቷም ተስማምታለች› ሲለኝ አላመንኩም ነበር። ሰማያዊ ዩኒፎርሟን ሦስት አድርጌ ነው የሰፋሁለት። የዘንድሮ፣ የከርሞ፣ ከዚያም ወዲያ የሚሆናት።»

የስፌት መኪናው ጎማ ትንሽ ዞረና ቆመ።

«ትልቁ» አለች ሴትዮዋ። «ትልቁ ምን ያህል ስታድግ ነው የሚሆናት?»

ልብስ ሰፊዋ ተነሳችና መዳፏን በደረቷ ትክክል ዘረጋች። «እስከዚህ ስታድግ ነው።»

ሴትዮዋም የራሷን እጅ እዚያው ከፍታ ላይ ዘረጋች፤ የማንንም ራስ እንዳይጫን ቀለል አድርጋ።