በኋላ እጽፈዋለሁ

ጠዋት ባለቤቴ ሕፃኗን እንደታቀፈች በር ላይ ያዘችኝ። «ዛሬ እንኳ ቀበሌ ሄደህ ልደቷን አስመዝግብ፤ ወር አለፋት እኮ!» አለችኝ፣ እንቅልፍ ባጣ ድምፅ።

«በኋላ» አልኳት።

ቢሮ ገብቼ ሰርቨሩን ሳላጠፋ የዳታቤዙን የተጠቃሚ ጣሪያ ከመቶ ወደ ሁለት መቶ ከፍ አደረግኩት። አለቃዬ ከኋላዬ ቆማ «ሰርቨሩ ሲነሳ የሚያነበው ፋይል ላይም ጻፈው፤ አለዚያ ጠፍቶ ሲነሳ ይረሳዋል» አለችኝ።

«በኋላ እጽፈዋለሁ።»

ወዲያው የከተማው መብራት በሙሉ ድርግም ብሎ መጣ። ሰርቨሩ ሲነሳ ጣሪያው መቶ ነበር።

«አላልኩህም?» ብላ ሳቀች አለቃዬ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን የጠዋቱ «በኋላ» ትዝ አለኝ። ቤት ደወልኩ።

«ሕፃኗን አልብሻት፣ አሁኑኑ መጥቼ አስመዘግባታለሁ።»

ባለቤቴ እንቅልፍ በጠገበ ድምፅ፣

«የቷን ሕፃን የኔ ጌታ?» አለችኝ።