በባዶ ሆድ አንድ ሲኒ

ሽማግሌው በየማለዳው፣ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ አንድ ሲኒ የወይራ ዘይት ይጠጣሉ።

መጠጣት እንኳ አይባልም፤ ይምጉታል። ዘይቱ ነጭ ፂማቸው ላይ ይንጠለጠላል። በምላሳቸው ይለቅሙታል፤ የቀረውን በመዳፋቸው ጠርገው መላጣቸውን ያሹበታል። ከዚያ በዚያው እጃቸው የበሩን እጀታ ይይዛሉ።

ምራታቸው ይህን የምታየው ቁርስ እየበላች ነው። ቀኑን ሙሉ ድንች ስትጠብስ የምትውል ሴት ናት። ዘይት ልብሷ ላይ፣ ፀጉሯ ውስጥ፣ ጥፍሯ ሥር አለ። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ሌላ ዘይት ይጠብቃታል። ፎጣው ይሙለጨለጫል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከእጅ ያመልጣል።

«ይሄ እኮ መድኃኒት ነው፣ ልጄ» ይላሉ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከወንድ ልጃቸው ጋር ነው። «ለልብ ነው፣ ለደም ሥር ነው። እሳት ሳይነካው ሰላጣ ላይ፣ የተቀቀለ ባቄላ ላይ ጠብ ስታደርጊበት ምግቡ ነፍስ ይዘራል። ጉሮሮ ከርከር ካደረገ ጥሩ ዘይት ነው ማለት ነው።»

ከዚያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ረጅም፣ እርጥብ ጠረጋ።

ለባሏ ስንቴ ነግራዋለች። «ቻይው በናትሽ፤ አባቴ ከዚህ ሌላ ምን ደስታ አለው?» ይላታል።

ማርገዟን ራት ላይ ስትናገር ሽማግሌው አለቀሱ። ብድግ ብለው ጠርሙሳቸውን አመጡና በማንኪያ ቀድተው ወደ አፏ አስጠጉ።

«ለሕፃኑ ነው፤ አንዲት ማንኪያ ብቻ፣ በሞቴ!»

ማንኪያው ጠርዝ ላይ አንድ ነጭ የፂም ፀጉር ተለጥፏል።

መታጠቢያ ቤት ሳትደርስ ኮሪደሩ ላይ አስመለሳት።

«ሁለተኛ ይሄን ነገር እንዳያስጠጉብኝ!» ብላ ጮኸች፣ ግድግዳውን ተደግፋ። «ሲጠጡትም ማየት አልፈልግም!»

«እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» አሉ ሽማግሌው። ማንኪያውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ሐሳቡ የመጣላት በማግሥቱ ሥራ ቦታ ነው። ስንት ጊዜ የተጠበሰበት ዘይት ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ አረፋ ለብሶ ሊደፋ ተቀምጧል። በፕላስቲክ ዕቃ ሞልታ ወደ ቤት ወሰደች። የወይራውን ዘይት አፍንጫዋን ይዛ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው፤ በምትኩ ይህን ገለበጠችበት። ጠርሙሱ ጥቁር ስለሆነ ከውጭ አያስታውቅም። የሽማግሌው አፍንጫ ደግሞ ከተደፈነ ዓመታት አልፈዋል፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ ጭሱን የሚሸትላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

አንዴ ይቅመሱት፣ ብላ አሰበች። ያንገሸግሻቸውና ዘይት የሚባል ነገር እርም ይላሉ።

ጠዋት ሽማግሌው ጠርሙሱን ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። ከተቆጣቻቸው ወዲህ ፊቷ አይጠጡም። ጆሮዋን አቁማ ትፍታ ጠበቀች፤ እርግማን ጠበቀች። የሰማችው የማንኪያ ኳኳታና «ተመስገን» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ምንም አላሉም! ያንን እድፍ ጠጥተው ተመስገን! አሁን ከዘይቱ ይልቅ ሰውየው ራሳቸው አንገሸገሿት።

እንዲያውም ጠርሙሱ ከወትሮው ፈጥኖ ይጎድል ጀመር። ባሏ አዲስ ባመጣ ቁጥር ደፍታ ትሞላለች። እልህ ነው የያዛት። መቼ ነው የሚታመሙት? እያለች ፊት ፊታቸውን ታያለች። ሽማግሌው ግን ጭራሽ ጉልበት ጨመሩ። «አንቺ እረፊ» እያሉ ምሳዋን ይቋጥሩላታል፣ ራት ያቀርባሉ፣ ጎንበስ ብለው ወለል ይወለውላሉ።

የታመመችው እሷ ናት። የበላችውን ሁሉ ትመልሳለች፤ ደረቷን ያቃጥላታል። የምትቀምሰው ሁሉ የሥራ ቦታዋን መጥበሻ መጥበሻ ይላታል።

«እርግዝና ነው፤ ይለቅሻል» አሏት የሥራ ጓደኞቿ።

አልለቀቃትም። ሆዷ ሲገፋ ፊቷ እየከሳ፣ እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ ባሏ ወደ ክሊኒክ ወሰዳት። ሽማግሌውም አልቀርም ብለው ተከተሉ።

ሐኪሟ ውጤቱን አየች። ከዚያ መነፅሯን አወለቀች።

«ሕፃኑ እንደሚገባው አላደገም። የአንቺም ጉበት ተጎድቷል። በዘይት ተጠብሶ የተቃጠለ ነገር ታዘወትሪያለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለች ምራቲቱ። «ከምጠብሰው አንዲት ፍሬ እንኳ አፌ አይገባም።»

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ።

«በምግብ በኩልስ አያስቡ፣ ዶክተር። እንዳትቆጣኝ ፈርቼ ደበቅኳት እንጂ፣ ማርገዟን ከነገረችን ቀን ጀምሮ ያንን ዘይቴን እኔ ጠብታ አልቀመስኩም፤ ሁሉንም ምሳዋና ራቷ ላይ ነው የማፈስላት።»