በየክፍሉ ስንት ሰው አለ

በየክፍሉ ስንት ሰው እንዳለ የሚቆጥር መሣሪያ ተገጠመልን። ቁጥሩ በቢሯችን ግድግዳ ስክሪን ላይ በግራፍ ይታይ ወይስ በሰንጠረዥ፣ ምርጫውን አለቃችን ለእኔና ለባልደረባዬ ተወው። እኔ የሰንጠረዥ ሰው ነኝ። ግራፍ ያምራል እንጂ ቁርጡን አይናገርም።

ቅጥነቱ «ሽቦ» ያሰኘው ባልደረባዬ ለሙከራ ማሽን ክፍል ገባ። ሰንጠረዡ «ማሽን ክፍል፦ 2» አለ።

«ከማን ጋር ነህ?» አልኩት በስልክ።

«ብቻዬን ነኝ። ምነው?»

«ሁለት ይላል እኮ!»

«በስተመጨረሻ ወፈርኩ ማለት ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

እኔን ግን ውርር አደረገኝ። «ቀልዱን ተወውና ውጣ!» አልኩት።

ሲወጣ የማሽን ክፍሉ ቁጥር ዜሮ ሆነ። እፎይ አልኩ።

ሽቦ የቢሯችንን በር ከፍቶ ገባ፤ በሩን ግን ቶሎ አልለቀቀውም። ለሰው እንደሚይዙት ትንሽ ይዞ ቆየና ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ለማን ነው የያዝከው?»

«ከኋላዬ ለሚመጣው ነዋ። ዞር ስል ግን ማንም የለም» አለና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁ። የቢሯችን ቁጥር ከአንድ ወደ ሦስት ዘሏል።

«በግራፍ ይሁን» አልኩት፣ ወደ በሩ ላለመዞር አንገቴን አድርቄ።